ዋይ የሌለው ወንድ ዝንብ

ውድ የእህቴ ልጅ፣

ጥናትሽን ለምታቀርቢበት ቀን የፊት ወንበር ይዘሽልኝ ሳለ «ሥራ በዝቶብኛል፣ አልመጣም» ብዬሽ ነበር። አልበዛብኝም። ሰዓት በምጠግንበት ሱቄ ውስጥ ካሉት ሰዓቶች አብዛኞቹን ባለቤቶቻቸው ረስተዋቸዋል። የበዛብኝ ቅናት ነው፤ የቀናሁትም በመምህርሽ ነው። አንቺ ሳቂ፣ እኔ ልጻፍ።

እስቲ አስቢው። ከሱቄ ጓሮ በበሰበሰ ሙዝ፣ በጠርሙስ ውስጥ ዝንብ ያረባነው እኔና አንቺ ነን። እናትሽ «ሰው ዝንብ ያባርራል፣ የኔ ወንድም ይቀልባል» እያለች ስታማኝ፣ የሰዓት መጠገኛ ማጉያ መነጽሬን ዓይንሽ ላይ አድርጌ የሆዱ ጫፍ የጠቆረው ወንዱ፣ የሆዷ ጫፍ የሾለው ሴቷ እንደሆነች ያሳየሁሽ እኔ ነኝ። ከአሮጌ መጽሐፍ ያገኘሁትን ይዤም ወንድን ወንድ የሚያደርገው ዋይ የሚባለው ክሮሞሶም ነው አልኩሽ። ከዚያ አድገሽ ላቦራቶሪ ገባሽና ባለፈው እሁድ ምሳ ላይ፣ በእናትሽ ፊት፣

«ጋሼ፣ እሱ በሰው ነው። በዝንብ የሚቆጠረው ኤክስ የሚባለው ክሮሞሶም ነው፤ ሁለት ከሆነ ሴት፣ አንድ ከሆነ ወንድ። መምህሬ እንዳሉት ዋዩን የሚጠይቀው የለም» አልሽኝ።

እናትሽ በሳቅ ሞተች። እኔ ጎረስኩ እንጂ አልዋጥኩም። ያንገበገበኝ መሳሳቴ አይደለም፤ «መምህሬ እንዳሉት» ማለትሽ ነው። ድሮ «ጋሼ እንዳለው» ነበር የምትይው።

ስለዚህ ማክሰኞ አንቺ በሌለሽበት ሰዓት ላቦራቶሪያችሁ ሄድኩ። የግድግዳ ሰዓት ልጠግን መጣሁ ብዬ ጥበቃውን አለፍኩት፤ ደግነቱ ሰዓታችሁ እውነትም ቆሟል። መሰላል ላይ ሆኜ መምህርሽን ከላይ እስከ ታች አየኋቸው። ከጠበቅኩት አጠር ያሉ ናቸው፤ ደስ አለኝ።

ከወሬዬ ማን እንደሆንኩ ሲገባቸው አላባረሩኝም። ማይክሮስኮፕ ፊት አስቀመጡኝ። እኔም እንደ ልማዴ አንድ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሁለቱንም እንድገልጥ ለመኑኝ፤ ዕድሜ ልኩን በአንድ ዓይን የሠራ ሰው በሁለት ማየት ይጠፋዋል። በመጨረሻ አየሁት። የሆዱ ጫፍ የጠቆረ፣ የፊት እግሩ ላይ እንደ ማበጠሪያ የተደረደረ ጸጉር ያለው፣ ምንም ያልጎደለው ወንድ። ለካ እሳቸው እንደነገሩኝ ከሌሎቹ ወንዶች ተለይቶ ያለ ዋይ የተፈለፈለ ነው። ሴት ይከተላል፣ ክንፉን እያርገበገበ ይዘፍንላታል፤ ግን ዘሩ ስለማይንቀሳቀስ አይወልድም። «ታዲያ ዋዩ ጭራሽ ከንቱ አይደለማ» አልኳቸው፣ ለራሴ ጥብቅና የቆምኩ ይመስል።

ሳቁና እንዲህ አሉኝ፦ «እኔ ደግሞ በእርስዎ ነው የምቀናው። ምንም ባስረዳት፣ ጋሼ እንዴት እንዳሳያት ነው የምትነግረኝ። የመጀመሪያዋን ዝንብ ያሳያት ሌላ ሰው ነው፤ ያንን ከእንግዲህ ልቀማዎ አልችልም።»

በዚህ ቅናቴ የለቀቀኝ ከመሰለሽ ተሞኝተሻል። ደግ ሆነው መገኘታቸው ጭራሽ አበሳጨኝ፤ ክፉ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር።

ይሁን፣ እመጣለሁ። ስታመሰግኚ ከኔ በፊት እሳቸውን ጥሪ፤ ይገባቸዋል። ጥርሴን ነክሼ አጨበጭባለሁ። ከመድረክ ስትወርጂ ግን ሰው ሁሉ ሊስምሽ ቢጋፋም አትቁሚ። ቀጥ ብለሽ ወደ እኔ ነይ፣ እሳቸው እያዩ።

ቀናተኛው አጎትሽ