ከቆላ የተመለሰው ግላይደር

ለወንድሜ ለዘሥላሴ፤

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እማዬም እኔም፣ መድኃኔዓለም ይመስገን፣ ደህና ነን። የአንኮበር ብርድ ግን ዘንድሮ ጨክኗል።

«ነገ ባሕሩን እንሻገራለን» ብለህ ከደወልክ ወዲህ የወረቀት ግላይደሮችህን እኔ ነኝ የምሠራቸው። እነዚያን ሞተር የሌላቸው የድሮ አውሮፕላኖች ከመጽሐፍህ እያየሁ፣ ልካቸውን አሳንሼ እቆርጣለሁ። «ክንፉን ታጣምሚያለሽ» እያልክ ትቆጣኝ አልነበር? አሁን መጥተህ እይ! እንደ ልማድህ ስምህን ጽፌ ከገደሉ አፋፍ እለቃቸዋለሁ። ቆላ የወደቁትን የአሊዩ አምባው ነጋዴ ጋሽ ኑሩ ለገበያ ሲወጡ ያመጡልናል።

ባለፈው ገበያ ያመጡት ግን ርሶ ጠብ ጠብ ይል ነበር። «ወላሂ፣ ደረቅ ድንጋይ ላይ ነው ያገኘሁት» አሉ። ዝናብ ከጣለ ስንት ጊዜው! ምድጃ ዳር ባደርቀው ክንፉ ላይ ነጭ ነገር ወጣበት። እማዬ በጣቷ ነክታ ቀመሰችው። «ጨው ነው» አለች። ከዚያ ወዲህ ስልክ ሲጮህ ብድግ ማለቷን ትታለች። ምን ሆነሻል ስላት «እግሬን አሞኝ ነው» ትላለች።

አድራሻህን ስለማላውቅ በዚህችው ደብዳቤ ክንፍ ሠርቼ ነገ እለቃታለሁ። ባለህበት እሱ ይጠብቅህ። እባክህ ወንድሜ፣ ይቺ ስትመለስ ደረቅ ትሁን።

እህትህ ሰርካለም