ባዶ የተውክልኝ የሰዱቃውያን ገጽ

ታዴዬ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ከሦስት ወር ሆነ። ደብዳቤ ሲጀመር እንዴት ሰነበትክ ማለት ልማድ ነው፤ እንደማትመልስልኝ ስለማውቅ እሱን ዘልዬ ስለ ቤቱ ልንገርህ። ማንጎው ዘንድሮ ከልክ በላይ አፍርቶ ቅርንጫፉ በእትዬ ዘይነባ አጥር ላይ ተኝቷል። እሳቸው የወደቀውን ለቅመው ግማሹን መልሰው ይልኩልኛል፤ ተዉ ብላቸውም አልሰሙኝም። ደብረ ሲና ስትወጣ ብቻ የምትለብሳትን ካፖርት ለወንድምህ ሰጠሁት። በሸዋ ሮቢት ሙቀት ካፖርት ታቅፌ ብቀመጥ ሰው ምን ይለኛል? እኔም ከአዋላጅነቴ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ የጎረቤት ሴት ምጥ ሲይዛት ግን አሁንም ከጤና ጣቢያው በፊት እኔን ነው የሚጠሩት።

የምጽፍልህ ስለ ደብተርህ ነው። በሮማውያን ዘመን ስለነበሩት የአይሁድ ወገኖች ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ያዘጋጀኸውን ተማሪህ ብርቱካን በኮምፒውተር እየጻፈችው ነው፤ አባዝታ ልታድለው። ሕጉንም የአባቶችንም ወግ ጠብቀው ሙታን ይነሣሉ የሚሉት ፈሪሳውያን አሉ። ሰው ሁሉ በግብዝነት ብቻ ስለሚያነሣቸው ተቆጥተህ ስምንት ገጽ ተከራክረህላቸዋል። ከከተማ ሸሽተው በረሃ የገቡት፣ ንብረታቸውን በጋራ ያደረጉት ኤሴናውያን አሉ። ከእግዚአብሔር በቀር ንጉሥ የለንም ብለው ሰይፍ የመዘዙት ቀናኢዎችም አሉ። ኢየሩሳሌም ልትከበብ ስትል በውስጧ የነበሩት ወገኖች እርስ በርስ ተጣልተው የገዛ እህላቸውን እንዳቃጠሉ የጻፍክበት ቦታ ላይ ብዕርህ ወረቀቱን ቀዶታል። ያን የጻፍከው አጣዬ በተቃጠለች ሰሞን ነበር።

ከዚያ የሰዱቃውያን ርእስ ይመጣል፤ ከሥሩ ሁለት ባዶ ገጽ።

ለምን ባዶ እንደሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ሰዱቃውያን የቤተ መቅደሱ ሹማምንት፣ ከሮማ ገዢ ጋር ፊት ለፊት የሚነጋገሩ፣ ትንሣኤ ሙታን የለም የሚሉ ሰዎች እንደነበሩ አንተ ነህ ያስተማርከኝ። ራሳቸው የጻፉት አንድ ቅጠል እንኳ እንዳልተረፈ፣ የምናውቃቸውም በባላጋራዎቻቸው አፍ እንደሆነ ነገርከኝ። ሰው በሌለበት መፍረድ ነውር ነው አልክና፣ ቤቴ ውስጥ አንዲት ሰዱቃዊት ስላለች እሷ ትጻፈው ብለህ ሁለት ገጽ ዘለልክ። ሠላሳ ዓመት በዚህ ስም ስትቀልድብኝ ኖረሃል። አብሬህ አስቀድሳለሁ፣ ጾሙን እጾማለሁ፣ ከሞት በኋላ ያለውን ግን አላምንም። ይህን ከአንተ በቀር ለማንም ሳልናገር ሆድ ይፍጀው ብዬ ይዤው ኖርኩ። ገጹንም ኋላ እጽፈዋለሁ እያልኩ ቆየሁ፤ አንተ ቀደምከኝ።

ብርቱካን ባዶውን ገጽ አይታ ስትጠይቀኝ የንስሐ አባታችንን አማከርኳቸው። ሁሉንም ስነግራቸው አልተቆጡም። ርእሱን ሰርዤ እንዳልፈው መከሩኝ። ከጻፍሽው አገር ያውቃል፤ ልጄ፣ ስትሞቺ ምን ብዬ ፍትሐት አደርስልሻለሁ፣ ከመምህር ጎን አሳርፏት ብልስ ማን ይሰማኛል አሉኝ። ለኔ ብለው ነው። ፈራሁ፤ አልዋሽህም። ያን ከጎንህ ያለውን ቦታ እፈልገዋለሁ። ከሞት በኋላ ምንም የለም የምል ሴት ቦታው ምን እንደሚያደርግልኝ አትጠይቀኝ፤ እኔም አላውቅም።

ሦስት ሳምንት ደብተሩን ስዞረው ከረምኩ። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። ምሕረትም ፍርድም በሕይወት ሳለን ካልተደረገ ማካካሻ የለውም አልኩ። ልጇ ሞቶ ለተወለደባት እናት በሰማይ ታገኚዋለሽ ብዬ እንደማላውቅ፣ እጇን ይዤ ብቻ እንደምቀመጥ ጻፍኩ። ከገዢ ጋር የተነጋገረ ሁሉ ከሃዲ እንዳልሆነ፣ መቅደሱ እንዳይዘጋ አንድ ሰው ሄዶ መለመን እንደነበረበትም አከልኩ። ከሥሩ ስሜን እስከ አባቴ ጻፍኩ። ብርቱካን አንብባ፣ ፊደል የሳትኩበትን አርማ መጻፏን ቀጠለች። ልጆቹ እሑድ ይወስዱታል። የሚመጣውን ቆሜ እቀበላለሁ።

አንተ እንደገና እንደምንገናኝ ታምን ነበር። ቀድሜህ ብሞት ኖሮ ጥቂት ብትረሳኝም ግድ አልነበረውም፤ መልሰህ ታገኘኝ ነበርና። እኔ ያ ተስፋ የለኝም። ድምፅ ሳታወጣ በትከሻህ ብቻ የምትስቀውን ሳቅ፣ ጠመኔ ያነጣውን ጣትህን፣ ስትቆጣ አንቺ ማለቱን ትተህ እርስዎ የምትለኝን፣ ከእኔ ሌላ የሚያኖርልህ ቦታ የለም ብዬ ነው የማምነው። ስለዚህ ታዴዬ፣ እኔ አንድ ቀን እንኳ ልረሳህ አልችልም።