ለአህያ እጅ የተነሣበት ከተማ

ረቡዕ

አቀፈችኝ። ሦስት ጊዜ ሳመችኝ። «እናኑዬ፣ እንኳን መጣሽልኝ!» አለች ቤዛ፣ መናኸሪያው በር ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። እኔም ሳምኳት። በልቤ ግን ቆይ ብቻ፣ አልኩ።

የረሳሁት መስሏታል። ወይም ራሷ ረስታዋለች፤ ይሄ ደግሞ ይብሳል።

በዚህ ደብተር እስከ ዛሬ ዳር ዳሩን ብቻ ነው የጻፍኩት። እጄ እምቢ ይለኝ ነበር። አሁን በሙሉ ልጻፈው። ለጥምቀት አክስቴ ሙሉና ልጇ ቤዛ ከደብረ ማርቆስ እኛ ዘንድ መጡ። እኛ ያለነው ከአምበር ትንሽ ወጣ ብሎ ነው። ከሰዓት ይደርሳሉ ተብሎ ጠዋት ደረሱ። እኔ ጓሮ ነበርኩ፣ ከአህያችን ከዳልቻ ጋር። ፊት ለፊቷ ቆሜ፣ ነጠላዬን አስተካክዬ፣ ጎንበስ ብዬ እጅ እየነሣሁ፦ «እንደምን አደሩ? ቤተሰብ ደኅና? መንገዱ እንዴት ነበር?» እላታለሁ። አህያዋን። ለምን እንደሆነ የማውቀው እኔ ነኝ። ቤዛ ከአጥሩ ኋላ ሆና በስልኳ ቀረጸችኝ። ከዚያም ቲክቶክ ላይ ለቀቀችው፤ ከላዩ የሚያናፋ አህያ ድምፅ ጨምራበት።

ከዚያ ወዲህ ያጣኋቸው ነገሮች፦
ወደ ምንጭ የሚወስደው ትልቁ መንገድ። አሁን በእርሻው ዞሬ ነው የምሄደው።
የአምበር ገበያ። ጨው ሻጯ ሳይቀሩ «አህያሽ ቤተሰቧ ደኅና ነው?» ይሉኛል።
ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የምቆምበት ቦታ። ሴት ልጆቹ ከኋላዬ ያናፋሉ፣ ቀስ ብለው፣ ቄሱ እንዳይሰሙ።

ከሰባተኛ ክፍል ሳቋርጥ እንኳ እንዲህ አላፈርኩም። ያኔ ያስቀረኝ የእናቴ ሕመም ነበር። ይህን ግን ያደረገችው ሰው ናት።

አክስቴ «ከተማውን ትይ፣ የንጉሡን ከተማ» ብላ ጠርታኝ ነው የመጣሁት፣ ለጥቂት ቀን። አባቴ «ሂጂ፣ ልብሽ ይፍታታ» አለኝ። ልቤ ለምን እንደሚመጣ አላወቀም።

ሐሙስ

ቤዛ ከተማውን አሳየችኝ። ደብረ ማርቆስን ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ለሐኪም መጥቼ ነበር፤ ያኔ ያየሁት ሆስፒታሉንና መናኸሪያውን ብቻ ነው። ዛሬ በባጃጅ ዞርን። ባጃጁ ሲታጠፍ የብረቱን ዘንግ ይዤ ዓይኔን ጨፈንኩ። ቤዛ ሳቀች። እሱንም መዘገብኩት።

መጀመሪያ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ሄደን ተሳለምን። ከዛፎቹ ሥር የቆሎ ተማሪዎች ቁጭ ብለው ትምህርታቸውን በቃል ይቀጽላሉ። እዚያ ብቻ ነው ቂሜን የረሳሁት፣ ለጥቂት ጊዜ። ከዚያ የንጉሡ ቤተ መንግሥት። አያቴ እሳት ዳር ሆነው ይህ ከተማ መንቆረር ሲባል ስለነበረው ዘመን ሲያወሩ በሐሳቤ የሠራሁት ቤት ተራራ ያህል ነበር። እውነተኛው ያንን አያህልም። ግን ድንጋዩን ስነካው ቀዝቃዛ ነው፣ ጠርዙ በእጅ የተጠረበ። የአያቴ አባት እዚህ ድንጋይ አመላልሰዋል ይባላል። ማን እንደ ጠረበው፣ ማን እንደ ተሸከመው የሚናገር ነገር ፈለግሁ። አላገኘሁም።

«ነይ እዚህ ጋ ቁሚ፣ ላንሳሽ» አለች ቤዛ። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ። «ውይ፣ ሰው አይበላሽም!» ብላ አነሣችኝ።

ደረጃው ላይ ስንቀመጥ ግን ድምፅዋ ተለወጠ። ቅዳሜ የትምህርት ቤታቸው ክበብ እዚሁ ግቢ ውስጥ እንግዶች ይጋብዛል፤ ወላጆች፣ የከተማው ሽማግሌዎች፣ አንድ መሪጌታም ይመጣሉ። እያንዳንዱ ተማሪ ስለ ድሮው ከተማ አንድ ታሪክ ይናገራል። መምህራቸው «መጽሐፍ ላይ የሌለ፣ ከአባቶች አፍ የተሰማ» ብለዋል።

«እኔ ከማን ልስማ?» አለች። «እናቴ ምንም አታውቅም። አያታችን ምን ይሉ ነበር? አንቺ እኮ አብረሻቸው ነው ያደግሽ።»

 «ላስታውስ» ብቻ አልኳት።

የማስታውሰው ነገር የለም። የምፈጥረው ግን አለ። ከቤተ መንግሥቱ እስከ አክስቴ ቤት ድረስ ባጃጁ ሲታጠፍ ዓይኔን አልጨፈንኩም። እያሰብኩ ነበር።

ዓርብ

ውሸት እንደ አህያ ጭነት ነው። ሁለቱ ጎን እኩል ካልሆነ መንገድ ላይ ይገለበጣል። ስለዚህ በአንዱ ጎን እውነት ጫንኩ፣ በሌላው የራሴን።

እውነቱ፦ የአያታችን አባት ለቤተ መንግሥቱ ድንጋይ አመላልሰዋል። ይህን አክስቴም ታውቃለች።

የራሴ፦ ለግንቡ የሚሆን ኖራ ከቆላ በአህያ ይመጣ ነበር። ከአህዮቹ አንዷ ዳልቻ ነበረች፣ ነጂ የማትፈልግ። አንድ ቀን ወንዙ ዳር ስትደርስ አልሻገርም ብላ ቆመች። ደበደቧት፣ አልተነቃነቀችም። ሌሎቹም ከኋላዋ ቆሙ። ወዲያው ደራሽ ውሃ መጣ፤ ተሻግረው ቢሆን ሰውም ኖራም አይተርፍም ነበር። ንጉሡ ይህን ሲሰሙ አዋጅ አስነገሩ፤ ይህችን አህያ መንገድ ላይ ያገኘ ሁሉ ከበቅሎው ይውረድ፣ እጅ ይንሣ፣ «እንደምን አደሩ? ቤተሰብ ደኅና?» ይበል።

ይህንን ቤዛ በራሷ አፍ፣ በማይክራፎን፣ በመሪጌታው ፊት ትለዋለች። ከዚያ ሲሳቅባት እኔ ከኋላ ቁጭ ብዬ አያለሁ። በመጎንበሷም በ«እንደምን አደሩ»ዋም የሚሳቅባት እሷ ትሆናለች።

ነገርኳት። በፍጥነት ጻፈችው። ከዚያ እስክሪብቶዋን አቆመችና አየችኝ።

«እናኑ፣ ሙች በይኝ።»

«ምን ያስምለኛል? አያታችን ቢኖሩ ራሳቸው ይነግሩሽ ነበር።»

ያን ጊዜ አክስቴ ሙሉ ሽንኩርት እየላጠች ከጓዳ ብቅ አለች።  የአያቴ ልጅ እኮ ናት! «እኔ እንኳ አልሰማሁትም» አለች። «ግን እኔ ገና ልጅ ሆኜ ነው ወደዚህ የመጣሁት። አባባን እስከ መጨረሻው ያስታመመቻቸው እናኑ ናት። እሷ ካለች ብለዋል።» ዓይኗን በክንዷ ጠረገች። ሽንኩርቱ ይሁን ሌላ አላውቅም።

ደረቴ ላይ የሆነ ነገር ተቀመጠ። ተነሥ አልኩት።

ከሰዓት ቤዛ አዲሱን ጫማዋን አመጣችልኝ። «ለነገ አድርጊው፣ ለእኔ ትንሽ ይጠበኛል» አለች። አይጠባትም፣ አይቻታለሁ። ደግ አትሁኚብኝ። እባክሽ ዛሬ ደግ አትሁኚብኝ።

ቅዳሜ

ሆነ። እንዳሰብኩት ግን አይደለም።

ጥድ ሥር ወንበር ተደርድሯል። እኔ መጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጥኩ፣ በቤዛ ጫማ። ከእሷ በፊት ሦስት ተማሪዎች ተናገሩ፤ አንዱ ግማሹን ረስቶ ወረደ። ከዚያ ቤዛ ወጣች። የሐበሻ ቀሚስ ለብሳለች። ወረቀቷን በሁለት እጇ ጨብጣለች። የምፈራው እኔ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ወንዙ ጋ ስትደርስ ሰው ጸጥ አለ። አዋጁ ጋ ስትደርስ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች፣ ልክ እኔ ጓሮ እንዳደረግሁት። «እንደምን አደሩ? ቤተሰብ ደኅና?»

መጀመሪያ አንድ ተማሪ ፈነዳ። ከዚያ አንድ ረድፍ ሙሉ። አንዱ ከኋላዬ አናፋ። ቤዛ ቀላች፣ ወረቀቷን ገለበጠች፣ መልሳ ገለበጠችው። አየሽ? አልኩ በልቤ። አየሽ እንዴት እንደሆነ? ማር ማር አለኝ። እንዲህ ጣፍጦኝ የሚያውቅ ነገር የለም።

ፊት ረድፍ ላይ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፣ ከዘራ የያዙ። ተነሡ። ቀስ ብለው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ሳቁ አለቀ።

«ምን ያስቃችኋል?» አሉ። «ይህችን አህያ የእኔም አያት ነግረውኛል። ለባለ ውለታ እጅ መንሣት ነውር የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?»

መሪጌታው ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዲት እናት እልል አለች። አጨበጨቡ! ያናፋውን ልጅ ጓደኛው በክርኑ ደቆሰው።

እኔ የፈጠርኳትን አህያ የእሳቸው አያት ከየት አወቋት?

ቤዛ እያለቀሰች እየሳቀች ማይክራፎኑን ያዘችና «የነገረችኝ እሷ ናት፣ የአጎቴ ልጅ!» ብላ ወደ እኔ አመለከተች። ወንበሩ ሁሉ ዞረ። መሪጌታው ጠየቁኝ፦ «ከማን ሰማሽው ልጄ?»

ተነሣሁ። «ከአያቴ ነው፣ የኔታ።»

ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። በሰው ፊት ሳልንተባተብ ስናገር በሕይወቴ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። እሱም ውሸት ሆነ።

እሑድ

ከቅዳሴ መልስ ቤዛ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። የትናንቱን ንግግሯን ቲክቶክ ላይ ለቃዋለች። የእኔንም የድሮውን እንደገና ለቃዋለች፤ የአህያውን ድምፅ አጥፍታ፣ «ለካ ወግ ጠብቃ ነው» ብላ ጽፋበት። ሰዎች ልብ ይልካሉ። «ይቅርታ እናኑዬ» አለች። «የአባቶች ወግ መሆኑን አላወቅሁም ነበር።»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ይልቅ ደሜ ፈላ። ይቅርታ የጠየቀችው የሌለ አዋጅን ነው፣ እኔን አይደለም። ወጉ ባይኖር ኖሮ ዛሬም ትስቅ ነበር።

ስለዚህ ነገርኳት። «ውሸት ነው። እኔ ነኝ የፈጠርኩት። እንዲሳቅብሽ ብዬ።»

ተነሥታ በሩን ዘጋችው። ከዚያ ያለችው፦ «ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም።»

«ትናገሪያለሽ?»

«አላውቅም።»

ፍርሃቷን አየሁት። ከጥምቀት ጀምሮ የምኖርበት ፍርሃት ነው፤ አሁን ፊቷ ላይ ተቀምጧል። አልሸፈንኩላትም። ትቅመሰው።

ከዚያ በጣም ቀስ ብላ ጠየቀችኝ፦ «ታዲያ ወግ ካልሆነ ለምን ነበር አህያዋን...?»

«ሰው ስለምፈራ» አልኳት። «እንግዳ ሲመጣ አፌ ይያዛል። በእሷ ላይ እለማመድ ነበር። ያን ቀን እንግዶቹ እናንተ ነበራችሁ። ለአንቺና ለእናትሽ ነበር የምለማመደው።»

 ስልኳን አወጣች፣ እንዳየው አድርጋ ያዘችው፣ ሁለቱንም የእኔን ቪዲዮዎች አጠፋች። የራሷንም ልታጠፋ ስትል እጇን ያዝኩ። «እሱ ይቆይ» አልኳት። ከደግነት አይደለም። በእያንዳንዱ ሰው ምስጋና ውስጥ ውሸቱን ታስታውሰው።

ሰኞ

መናኸሪያው ጋ፣ ሻይ ቤት በር ላይ፣ ሽማግሌው ቁጭ ብለው አገኘናቸው። ቤዛ ልትደበቅ ኋላዬ ገባች። ኋላዬ! እኔ ፊት ቀረሁ። ሰላም አልኳቸው፣ ሳልንተባተብ።

«የአህያዋ ልጅ!» አሉ። «ስሟን ግን ሳትነግሩን ቀራችሁ።»

«ዳልቻ ነበረች፣ አባባ።»

አሰብ አደረጉ። «አዎ፣ ዳልቻ ነበረች» አሉ፣ ፊታቸው ሳይፈታ። ሻያቸውን አንድ ጊዜ ፉት አሉ። «ሰው ፊት የቆመች ልጅ ሲሳቅባት አልወድም» አሉና ወደ ሌላ ወሬ ሄዱ፤ ስለ ጤፉ፣ ስለ ዝናቡ።

አያታቸው ነግረዋቸው ይሁን፣ ተደባልቆባቸው ይሁን፣ ወይስ ውሸቴን አውቀው ቤዛን ሊያተርፉ፣ አላወቅሁም። እኔ ሦስት ቀን የደከምኩበትን በአንድ ባርኔጣ ገለበጡት። ተናድጄባቸዋለሁ። ግን ጓሮአችን አጥር ኋላ ያን ቀን እንዲህ ያለ ሰው ቆሞ ቢሆን ኖሮ፣ እያልኩ መንገዱን ሁሉ ሳስብ ነበር።

አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል ቤዛ ስልኳን ከፍ አድርጋ በመስኮቱ «ላንሳሽ?» አለችኝ። ጠየቀችኝ።

«አይ» አልኳት።

ስልኩን ኪሷ ከተተችው። ለካ ይህች አጭር ቃል ትበቃለች። ጫማውን አልመለስኩላትም፤ እሷም አልጠየቀችኝ።

ይቅር አላልኳትም። ይህን ለራሴ በደንብ ልጻፈው፦ አላልኳትም።

ሐሙስ፣ ቤት

ዛሬ የአምበር ገበያ ነበር። በትልቁ መንገድ ሄድኩ። ዳልቻን ገብስ ጭኜ፣ ሁለቱን ጎን እኩል አድርጌ።

ጨው ሻጯ እትዬ የሺ ከሩቅ አዩን። ከበርጩማቸው ተነሡ። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ለአህያዬ ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ። «እንደምን አደሩ? ቤተሰብ ደኅና?»

ገበያተኛው ያየናል። ይቀልዱብኝ ይሁን፣ የቤዛን ቪዲዮ አይተው ይሁን፣ ፊታቸውን መረመርኩ፤ አልለየሁትም። የድሮው ትኩሳት ከአንገቴ ጀምሮ ወጣ። ልሮጥ ነበር።

አልሮጥኩም። ገመዱን አጥብቄ ይዤ፣ ስለ ዳልቻ ሆኜ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ መለስኩ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ?»