አደራ፣ በሩን እንዳታሠራው

ለልብስ ሰፊው ወዳጄ፣ ከነመቀስህ እንደምን አለህ?

እዚህ ፖስት ካርዱ ላይ ያለውን ባሕር አንተም እኔም እኩል አይተነዋል። እኔ የምውለው መስኮት የሌለው ክፍል ውስጥ፣ ኮምፒውተር ላይ ለተሳለ ሽማግሌ መብራት ሳበራ ነው። የአኒሜሽን ትምህርት ይሉታል። ሽማግሌው ሻዩን ይጠጣል፣ እኔ እቃጠላለሁ።

እንግዳ አክባሪ ቤት አይደል ያደግሁት? ፕሮግራሙ የሰጠኝን አምፖል ሁሉ ከፊት፣ ከኋላ፣ ከጠረጴዛ ሥር ሳይቀር አበራሁለት። መምህሯ መጥታ ከኋላዬ ቆመች።

«ጥላውን ቁጠር» አለችኝ። የሽማግሌው ጥላ እንደተጣላ ዘመድ በየግድግዳው ተበትኗል።

«ፊቱ በደንብ ይታይ ብዬ ነው፣ እትዬ።»

«ስንት ፀሐይ ያለበት አገር ነው የሚኖረው? ነገ እንዲህ ካገኘሁት ከክፍሌ ትወጣለህ።»

ባጠፋ ሰውዬው ይጠፋል፣ ባበራ ጥላው ይመለሳል። መብራት ማጥፋት ለመማር አገር የሚያቋርጥ ሰው አይተህ ታውቃለህ? እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ በነፃ ስትጮህብኝ አልነበር!

ልተወው ስል ሱቅህ ትዝ አለኝ። ያ አንዱ ክንፉ አልከፈት ያለው፣ «አሠራው» እያልኩ የጨቀጨቅኩህ በር! ብርሃኑ አንድ ጉንጭህ ላይ ብቻ ያርፋል፤ ስታሾፍብኝ ግን ምንህም አይሰወረኝም። ሁሉንም አጠፋሁና አንዷን መብራት ልክ እንደ በርህ ከግራ አስገባሁ።

መምህሯ በማግስቱ መጥታ ጥላውን ቆጠረችና «የማን ቤት ነው?» አለች። አልተባረርኩም።

ካርዱ አለቀ፣ ጠርዙ ላይ ነኝ። እናቴን ሳምልኝ፣ «ማጥፋት ለመደ» በላት። አንተ ደግሞ አናጢ ከጠራህ ተጣላን።