ቺንጋው ይሸፈን

ሰኞ፣ ኅዳር 1 ቀን 1956 ዓ.ም.

ዛሬም ስብሰባ። ዛሬም ያው አንቀጽ። ከምሳ በኋላ አውራጃ ጽ/ቤት ገብተን ሲመሽ ወጣን፤ ያለቀ ነገር የለም። የታዘዝነው የሞተር ወፍጮ ደንብ እንድናረቅቅ ነው። ከኮሚቴው ሞተር ፈትቶ የገጠመ እኔ ብቻ። ሚኒስቴሩ «የቴክኒክ አዋቂ» ብሎ ከአዲስ አበባ ወደ ትውልድ አገሬ ወደ ሶዶ ሲልከኝ ደስታዬን አልቻልኩትም ነበር። አሁን ግን፣ አንተ ደብተር፣ ላንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ? የሚፈልጉት ፊርማዬን እንጂ እኔን አይደለም።

ነገሩ ቀላል ነው። ከሞተሩ ወደ ወፍጮው የሚዞረው ቺንጋ፣ ማለት የሞተሩ ቀበቶ፣ ምንም መከለያ የለውም። ክረምት ላይ የአንዲትን ሴት ክንድ ወሰደ። እኔ ቺንጋው በላሜራ ይሸፈን እላለሁ። ግራዝማች በቀለ፣ የወፍጮው ባለቤት፣ የኮሚቴውም አባል፣ ለማስፈጨት የሚመጡት ሴቶች በአጥር ይከልከሉ ይላሉ። አጥር ከደን ይቆረጣል፤ ላሜራ ግን ከአዲስ አበባ እስኪመጣና እስኪገጠም ወፍጮው ሊቆም ነው። የአውራጃው ገዥ ወደ አጥሩ ያዘነብላሉ። እዚህ የጸደቀው በሻንቶም በቤሌም ባሉት ወፍጮዎች ሊሠራበት ነው። እንቅልፍ የሚነሣኝ ይኸው ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

አጥሩ ተተከለ። ለሙከራ ነው ተባለ። ሄጄ አየሁት።

የእኛ አገር ሴት እህሏን አስረክባ ዛፍ ጥላ ሥር አትቀመጥም። ዱቄቱ የሚወጣበት አፍ ሥር ትቆማለች። ወፍጮው ውስጥ የቀደመችዋ ሴት ትራፊ ይቀራልና የመጀመሪያውን እፍኝ ለዚያችው ሴት ትመልሳለች፣ ከዚያ የራሷን ትቀበላለች። የሰው ዱቄት ይዞ ቤት መግባት ነውር ነው። አጥሩ ይህን አፍ ጋረደው። ታዲያ የት ይቁሙ? በጓሮ በኩል ክፍተት አለ፤ ቺንጋው የሚዞረው እዚያ ነው። ዞረው ገቡ። ጠባብ፣ ጨለማ ቦታ። ነጠላቸው እየተርገበገበ። ሠራተኛው ያባርራቸዋል፤ ዘወር ሲል ይመለሳሉ።

ለግራዝማች ነገርኳቸው። ሳቁ። ሴት ቀስ በቀስ ትለምዳለች አሉ። ትራፊውን አሁን የእርሳቸው ሠራተኛ ጠርጎ ወደ ጓዳ ያስገባዋል። ይህን ለሌላ ቀን አቆየሁት። አንድ ጠብ ይበቃኛል።

ዓርብ፣ ኅዳር 5

የፈራሁት ደረሰ።

እኅቴ አስቴር፣ እቤቷ ያስጠጋችኝ፣ ከወፍጮ ቤት ያለ ነጠላ ተመለሰች። ፊቷ ዱቄት መስሏል። በጓሮ ገብታ ነበር። ቺንጋው የነጠላዋን ጫፍ ያዘው። እንዲያው ጣል አድርጋው ነበር እንጂ አላሰረችውም፤ ከትከሻዋ መንጭቆት ሄደ። ሌላ ቀን ሕፃን ልጇን በዚያው ነጠላ ነው የምታዝለው። ዛሬ ጎረቤት ዘንድ ትታው ነበር።

ጮህኩባት። አትጠጊ አላልኩሽም ወይ አልኳት። እሷም መለሰችልኝ፤ የሰው ዱቄት ለልጄ ላብላ ወይ አለች። አፈርኩ። ለነገሩ የተቆጣሁት በእሷ አልነበረም።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6፣ ከሰዓት

ገዥው ዘንድ ገባሁ። የእኅቴን ነገር አንድም ሳላስቀር ተናገርኩ። አጥሩ ሴቶቹን ወደ ቺንጋው ገፋቸው እንጂ አላራቃቸውም አልኩ። በጥሞና ሰሙኝ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይህ ነው የባሰው። ጥቂት አሰቡና ጸሐፊውን ጠርተው አንድ አንቀጽ አስጨመሩ፦ አጥሩን አልፋ የተገኘች ሴት ትቀጣለች። በቃ። አደጋውን የነገርኳቸው እኔ፣ ቅጣቱን ያመጣሁትም እኔ።

ስወጣ በር ድረስ ሸኙኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ የአዋቂ ፊርማ ከሌለበት ሚኒስቴሩ አይቀበለውም። አንተ ካልፈረምክ የሚፈርም እንዲልኩልን እጽፋለሁ» አሉኝ። ፊርማዬ ማክሰኞ ጠዋት ይፈለጋል።

እሑድ፣ ኅዳር 7

ፈራሁ። ልዋሽህ አልችልም። ብፈርምስ? ደንብ ኋላ ይሻሻላል ይባላል። እኔም ከውስጥ ሆኜ ብቆይ ይሻላል እላለሁ። የፈሪ ሰበብ መቼ ያልቃል።

ጸሎት ቤት ሄድን። ክንዷ የተቆረጠው ሴት ከፊታችን ተቀምጣ ነበር። ሲያበቃ ሕፃኗን ልታዝል ጎንበስ አለች፤ በአንድ እጅ ሕፃን ይዞ ማሰር አይሆንም። አንዲት ልጃገረድ ከኋላ መጥታ፣ ሳትጠየቅ፣ አሰረችላት። የለመዱት ነገር ነው። ያን ካየሁ በኋላ የሰማሁት ስብከት ከአእምሮዬ ጠፋ።

የሹመት ደብዳቤዬን አውጥቼ አነበብኩ። አዋቂው አደገኛ ሆኖ ያገኘውን ሞተር ማስቆም ይችላል ይላል። እስከ ዛሬ ያስቆምኩት የለም። ገዥውም ግራዝማችም አውራጃው ውስጥ የሚያስቆም ሰው ያለ አይመስላቸውም።

ሰኞ፣ ኅዳር 8፣ ማታ

አደረግኩት።

የገበያ ቀን ነበር። ወፍጮ ቤቱ በበቆሎ ጆንያ ተሞልቶ። ሞተሩን አስጠፋሁ። ቺንጋውን ከሁለቱ መዘውሮች አውልቄ ጠቅልዬ ትከሻዬ ላይ ጣልኩት። ሠራተኛው እንደ ሌባ አየኝ። ግራዝማች መጡ፤ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም፣ ነገ ማታ እዚህ አገር እንደማልገኝ ብቻ ነገሩኝ።

ይበልጥ ያመመኝ ግን የሴቶቹ ነው። ለእነሱ ብዬ አልነበር? ረገሙኝ። ከሩቅ ቀበሌ በሌሊት ተነሥታ የመጣች አንዲት ትልቅ ሴት መንገዴ ላይ ቆማ፣ «ዛሬ ልጆቼ ምን ይብሉ?» አለችኝ። ቺንጋውን ተሸክሜ ገበያውን መሐል ለመሐል አቋረጥኩ። ከባድ ነው፤ ትከሻዬ ተላልጧል።

አስቴር አላመሰገነችኝም፤ አልተቆጣችኝምም። የእጅ ወፍጮ ድንጋዩን ከጓዳ ጎትታ አወጣች። ጎረቤቶች በቆሏቸውን ይዘው እየተራገሙ ገቡ፤ እኔን ሰላም የሚለኝ የለም። በተራ ይፈጫሉ። ቤቱ በድንጋይ ድምፅ ተሞልቷል። አስቴር ተራዋ ሲያልቅ ላቧን እየጠረገች አጠገቤ ተቀመጠች። ስላደከምኳት ይቅርታ ልጠይቃት ስል አቋረጠችኝ።

«ታ ኢሻው፣ ወንድሜ፣ ወገቤ ያመኛል፤ እጄ ግን አለ።»

ነገ ጠዋት ቺንጋውን ይዤ ገዥው ዘንድ እቀርባለሁ። አልፈርምም።