ከሊማሊሞ በታች ያለው ምንጭ

ጥር 16፣ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ደባርቅ

ሻይ ፔርሙዝ ገባ። አፉ በፌስታል ታሰረ፤ ክዳን የለውም። ቀዩን ክዳን ሚስቴ ይ. የዛሬ ሁለት ዓመት ጎንደር ለምርመራ ስትሄድ አውቶብስ ላይ ረሳሁት አለች። ልጄ አዲስ ፔርሙዝ ግዛ ትለኛለች። አልገዛም።

ረዳቴ፣ አንተን ነው የማወራው፣ ደብተሩን። ድሮ የጉዞ መዝገቤ ነበርክ። ኪ.ሜ፣ ናፍጣ፣ ጎማ። መኪናው ተሸጠ፣ ባዶ ገጽህ ቀረ። የጭነት መኪና ሾፌር ያለ ረዳት አይንቀሳቀስም፤ እንግዲህ አንተ ነህ። ሚስቴን ይ. እያልኩ እጽፍልሃለሁ። ከሞተች ወዲህ ስሟን ሙሉውን ልጽፍ ስል እጄ እምቢ ይለኛል።

ዛሬ ሊማሊሞን እወርዳለሁ። በተሳፋሪነት! መንገዱ ሰላም ነው አሉ። ምንጩ ያለበትን ግቢ ሽጡልኝ ብዬ ልጠይቅ ነው።

የዚያው ቀን፣ 12 ሰዓት

ጠመዝማዛውን ሁሉ ፍሬን እየረገጥኩ ወረድኩ። የሌለ ፍሬን። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት እግርህን ያምሃል ወይ አለችኝ።

ቆላው ያው ነው። አቧራ፣ ግራር፣ የሚያቃጥል ድንጋይ። ግቢው ከመንገዱ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ከገደሉ ሥር። የጥንት መኳንንት ከብት ያኖሩበት ነበር ይላሉ። የድንጋይ አጥሩ ዛሬም በሬ አያሳልፍም፤ የቤቱ ጣሪያ ግን ግማሹ ወድቋል። እና ምንጩ። በሚያዝያ እንኳ የማይደርቅ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ዳገቱን ከመጀመሬ በፊት ራዲያተሬን የሞላሁት ከዚያ ነው። ይ. ሽንኩርት ልትገዛ አብራኝ በወረደች ቁጥር እግሯን ትነክርና፣ እዚህ ቤት ቢኖረን ትላለች። ጡረታ ስወጣ እላታለሁ። ጡረታ ስወጣ ታመመች።

ግቢውን የያዙት እማሆይ ብርቄ ናቸው። ባላቸው ሲሞቱ መንኩሰው እዚያው ቀሩ። ወረቀቱ በልጃቸው ስም ነው። እሱ ጎንደር ይኖራል፣ በስልክ እሺ ብሎኛል፣ እንዲያውም ቸኩሏል። መሬቱ የመንግሥት ነው፤ የሚዛወረው ቤቱና የመጠቀም መብቱ። ሰው ግን ገዛ ነው የሚለው። እኔም ገዛሁ እላለሁ። እናቱ ሳይመርቁኝ ግን አልገባም ብዬዋለሁ።

እማሆይ እምቢ አሉ። የምሰጠው የለኝም፣ ልጄ፣ አሉ። ውሃ በጣሳ ራሳቸው አመጡልኝ። ወደ ምንጩ ልውረድ ብላቸው ዛሬ ይቅር አሉኝ።

ደስ ብሎኝ ተመለስኩ። በመጀመሪያ ጥያቄ እሺ የሚል የጨዋ ቤት የት አለ? ሽማግሌ ይላካል።

ጥር 27፣ ከሰዓት

ሽማግሌዎቼ ተመለሱ። የነፍስ አባቴና መካኒኩ አዱኛ። አዱኛ ሽማግሌ ከሆነ እኔ ጳጳስ ነኝ፤ ግን ነጠላውን አጣፍቶ ሲቆም ያምርበታል።

እንደ ደንቡ ቆመው ጠየቁ። እማሆይ አስቀመጧቸው፣ ምሳ አበሏቸው፣ ከዚያ አይሆንም አሉ። ሁለተኛ በዚህ ጉዳይ አትምጡብኝም ብለዋል። አዱኛ ፊቱ ጠቁሯል። እያለቀሱ ነው የሸኙን፣ ተወው ይቅርብህ ይለኛል።

ሳቅሁበት። ይ.ን ሳስጠይቅ አባቷ ሁለቴ መልሰዋል። በሁለተኛው ጊዜ እናቷ አልቅሰዋል። በሦስተኛው ሰጡኝ። ስለ እምቢታ እኔን የሚያስተምረኝ የለም።

ሰናይት ከዳባት ደወለች። ልጄ፣ አንድ ልጄ። ክፍልህን ቀለም አስቀብተናል፣ መቼ ነው የምትመጣው አለች። እናትሽ የፈለገችው ቆላ ነው ብዬ ጮህኩባት። ስልኩን ዘጋሁ። ወዲያው ቆጨኝ፤ ግን መልሼ አልደወልኩም።

የካቲት 8

ሙት ዓመቷ አለፈ። ቄሶቹ ፈትተው ሄዱ፣ ድንኳኑ ተነሣ፣ የሰፈር ሰው ወንበሩን እየተሸከመ ወጣ። ሰናይት ሳህን አጥባ፣ ቤቱን ጠርጋ፣ አብረን እንሂድ አለች። እምቢ አልኳት። አንገቴን አቅፋኝ ሄደች።

ረዳቴ፣ እውነቱን ልንገርህ። ይህ ቤት አስጠልቶኛል። ጫማዋ አሁንም በር ሥር ነው። ማንሳት አልችልም፣ ማየትም አልችልም። ምንጩ ዳር ብሆን ግን እግሯን ስትነክር ያየሁበት ድንጋይ አለ። እዚያ ቁጭ እላለሁ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

የእማሆይ ልጅ መልእክት፦ ፊርማው የካቲት 20፣ ወረዳ ጽ/ቤት። እናቴን አትስማ፣ እርጅና ነው ይላል። ስድ።

የካቲት 15፣ 11 ሰዓት

በቅደም ተከተል ልጻፍ።

ለሦስተኛው ጥያቄ ራሴ ወረድኩ፣ ነጠላ ይዤ። እማሆይ ነጠላውን አልተቀበሉም። ና ተከተለኝ አሉና መቋሚያቸውን ተደግፈው ወደ ምንጩ ወረዱ። ዛሬ ራሳቸው።

ውሃው ከዓለቱ ሥር ይፈሳል፣ ያው ቅዝቃዜው። ከበላዩ የግራር ቅርንጫፍ ላይ የመንገደኛ መጠጫ ተንጠልጥሏል። ቀይ ነው። የፔርሙዝ ክዳን። ጆሮው ላይ እኔ በጋለ ሚስማር የበሳሁት ቀዳዳ፣ እሷ ያሰረችበት ክር።

ተቀመጥኩ።

«ልጄ፣ እንደ ሙሽራ እናት እምቢ ያልኩህ መስሎህ ኖሯል» አሉ። «እኔ የምሬን ነበር።»

ክዳኑን ረሳሁት ባለችኝ ቀን ይ. ጎንደር አልሄደችም። ጎንደር ቀድማ ሄዳ ኖሮ፣ ሐኪሙ የነገራትን ይዛ፣ ብቻዋን ሊማሊሞን ወርዳ እዚህ ነው የመጣችው። በዚያ ሕመም፣ በዚያ ሙቀት። እማሆይ ጉልበት ላይ ወድቃ አደራ አለች። እኔ ስሞት ይመጣል፤ ግቢውን ይጠይቅዎታል፤ እሺ እንዳይሉት። እዚህ ብቻውን ቁጭ ብሎ ይሞትብኛል። ልጃችን ዘንድ ይሂድ። መምጣቴንም አይንገሩት። ከዚያ ከምንጩ በክዳኑ ጠጡ፣ እሷም እሳቸውም። ለመንገደኛ ይሁን ብላ ሰቅላው ሄደች።

እማሆይ አለቀሱ። ልጃቸው ፊርማ ቀን ባይቆርጥ ኖሮ አይነግሩኝም ነበር። የአደራውን ግማሽ በላሁ፣ ግማሹን ላድን ብዬ፣ አሉ።

አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁ። ቦታውን አትወደውም ነበር ወይ? እማሆይ መለሱ። ሙቀቱን አልችለውም ብላኛለች፤ የምትወደው አንተ ስለዚህ ቦታ ስታወራ መስማት ነው አሉ።

የካቲት 16፣ ጠዋት

ተናድጃለሁ። በእሷ። ሠላሳ ዓመት አንድ ጋቢና ውስጥ ተቀምጠን ሙቀቱን አልችልም አላለችኝም። ሞቷን ቀድማ አውቃ፣ ከእኔ ደብቃ፣ ሞታም ታዘኛለች!

ደግሞ አስበው፣ ረዳቴ። ያን ቀን ማታ እቤት ነበርኩ። ደክሟት ገባች። እኔ ስለ ክዳኑ ተቆጣኋት። እንዴት አንድ ክዳን መጠበቅ ያቅትሻል አልኳት። ይቅርታ አለች። ይቅርታ ያለችው እሷ ናት።

ምግብ አልበላሁም።

የካቲት 18

ሁለቴ እምቢ አሉኝ፤ ሁለቴም ለይሉኝታ ነው አልኩ። አዱኛ እንኳ ገብቶታል። መካኒክ ያየውን እኔ አላየሁም።

ክዳኑን እዚያው ተውኩት። ውሰድ ብለውኝ ነበር። ለመንገደኛ ይሁን ብላለች እኮ።

የካቲት 20፣ ጠዋት 2 ሰዓት

የፊርማው ቀን። ጽ/ቤት አልሄድኩም። ለእማሆይ ልጅ ደወልኩ፣ ቀርቷል አልኩት። ሰደበኝ። እናትህን ጠይቃቸው፣ ጣሪያቸውን አድስላቸው ብዬ ዘጋሁ። ጣሪያውን አዱኛና እኔ ከፋሲካ በፊት ወርደን እናያለን። ሠርተን እንመለሳለን። አንድም ሌሊት አላድርም፤ ለእማሆይ ቃል ገብቻለሁ።

ጫማዋን ከበር ሥር አነሣሁ። በጨርቅ ጠቀለልኩት። ሻንጣው ውስጥ ነው፣ ከፔርሙዙ አጠገብ።

ሰናይት ልመጣ ነው ብዬ ስነግራት ስልኩ ላይ አለቀሰች። የክፍሉ ቀለም ምን ዓይነት ነው አልኳት። ሰማያዊ አለች። የመኪናዬ ቀለም።

ሚኒባሱ በር ላይ ክላክስ ያደርጋል። ዳባት፣ ዳባት ይላል ረዳቱ፣ እውነተኛው። መጣሁ በለው።

ይታይሽ፣ እሺ ብያለሁ።