ወለድ የሌለው፣ ፍየል ያለው ካርድ

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ታጠቅ፣
የ«ጥላ ሥር» የነጋዴዎች ቁጠባና ብድር ማኅበር የዋስትና ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ኮኪት

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ሙቀቱስ እንዴት ይዞዎታል? የእናቴ ፍሪዘር እርስዎ ሳሎን ከገባ ወዲህ ውኃዎን እያቀዘቀዙ እንደሚጠጡ ስለሰማሁ፣ ስለ ጤናዎ ብዙም አልሰጋሁም።

እኔ ሃይሚ ነኝ፤ ከመኪና ማቆሚያው ፊት ለፊት ቀዝቃዛ ውኃና ከርከዴ የምትሸጠው የድንቅነሽ ልጅ፣ ዘንድሮ አሥረኛ ክፍል የገባሁት። ልጅ ለአዋቂ እንዲህ ያለ ደብዳቤ አይጽፍም እንደሚሉ አውቃለሁ፤ አዋቂም የመበለት ፍሪዘር በጋሪ ጭኖ አይሄድም ሲባል ሰምቼ ነበር። በማኅበሩ በር ላይ መለጠፌን ይቅር ይበሉኝ፤ በእጅዎ ብሰጥዎ ለመክፈት ዋስ ይጠይቁኛል ብዬ ነው።

አላፊ አግዳሚው እንዲረዳልኝ ከመነሻው ልጀምር። እናቴ ፍሪዘሩን አስይዛ ከእርስዎ ከራስዎ ኪስ ተበድራ ነበር፤ በወር ከመቶ አሥር። አራጣ ብሎ መጥራት ነውር ስለሆነ እርስዎ «መረዳዳት» ይሉታል። በመጋቢት መባቻ ማኅበሩ ስድስት ወር ወለድ የማይቆጠርበት የብድር ካርድ አመጣሁ ብሎ ሪባን ሲቆርጥ፣ ነገሩ ለእናቴ ከማንም ቀድሞ ገባት፦ በካርዱ የእርስዎን ዕዳ ትዘጋለች፣ ከሹፌሩና ከአረም ሠራተኛው በምታገኘው ካርዱን በስድስቱ ወር ትመልሳለች፣ ለእርስዎ ትገብረው የነበረው ወለድ ቤቷ ይቀራል። ይህ ብልሃት እርስዎንም እንቅልፍ የነሳዎት ይመስለኛል። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

1ኛ. «ሦስት ዋስ፣ ሦስቱም ያገቡ ወንዶች፣ ሦስቱም የቤት ካርታ ያላቸው» ስላሉ እናመሰግናለን። ሪባኑ ሲቆረጥ ይህ አልተነገረም፤ ጭብጨባው እንዳይበላሽ አስበው ይሆናል። እናቴ ሦስቱን ለምና እስክታገኝ ሚያዝያ አለቀ።

2ኛ. ኮሚቴው ጉዳዩን «ተቀምጦ እንዲያይላት» ምሳ ማብላት ወግ ነው ስለተባለች እናቴ በግንቦት ፍየል አረደች። በሐምሌ ደግሞ ጉባኤው አልሞላም ነበር ተብሎ ሁለተኛ ፍየል አረደች፤ ሆዱ ያልሞላው ማን እንደነበር ግን አልተገለጸልንም። እርስዎ ጎድን ሲግጡበት በቆዩበት እጅ ማመልከቻዋን ሲያገላብጡ፣ ቅባቱ ፎቶግራፏ ላይ፣ ልክ ግንባሯ ላይ አረፈ። እኔ የእጅ ውኃ ይዤ አጠገብዎ ቆሜ ነበር። ጥርስዎን በስንጥር እየጎረጎሩ «የሴት ሂሳብ እንደ በረዶ ነው፤ ከፍሪዘር ሲወጣ ይቀልጣል» አሉ፤ የኮሚቴው ሽማግሌዎች ሁሉ ሳቁ። እናቴም አብራ ሳቀች። የፍየል ሽታ ከዚያ ቀን ወዲህ ያስጠላኛል፤ ያቺ የእናቴ ሳቅ ግን ይብስብኛል።

3ኛ. ካርዱ በመጨረሻ ደረሰን፤ ነሐሴ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው። ለካ ስድስቱ ወር የሚቆጠረው ሪባኑ ከተቆረጠበት ቀን ጀምሮ ኖሯል! ወለድ የሌለበትን ጊዜ እናንተ ከጎድኑ ጋር ጨርሳችሁታል፤ ለእኛ የቀረን ወለድ ያለበት ነው። ተበዳሪው ሪባኑ ከሆነ ሪባኑ ይክፈል ብላ እናቴ ካርዱን እጅ ነስታ መለሰች።

4ኛ. በዚያው ሰሞን «የሁለት ወር ወለድ አልከፈለችም» ብለው ፍሪዘሩን ወሰዱ። እውነት ነው፣ አልከፈለችም፤ ገንዘቡ ሁለት ፍየል ሆኖ እርስዎ ሆድ ውስጥ ነበር።

አሁን ደግሞ የምሥራች። ጨርቅ ሻጯ ጎረቤታችን እትዬ ረፊቃ የዕቁብ ዕጣ ደርሷቸው ለእናቴ ለቀቁላት። ባል አለሽ ወይ አላሏት፣ ካርታ አላሏት፤ «ዕቃሽን አስመልሽ አንቺ፣ ውኃው ሁሉ ሻይ ሆነብን» ብቻ ነው ያሏት። ተራው ሲደርሳት መልሳ ትለቅላቸዋለች፣ አለቀ። እንዲህ ያለው ብድር እኛ ገበያ ውስጥ ከድሮም ነበረ፤ ሪባን ስላልታሰረበት አላዩት ይሆናል።

ገንዘብዎ ከነወለዱ ተቆጥሮ ተቀምጧል። የሰሊጥ አጫጁ እየገባ ነውና፣ ጥማቱ ሳያልፍብን ፍሪዘራችንን በመጣበት ጋሪ እንዲመልሱልን በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

ከመቶ አሥር እጅ አክብሮት ጋር፣ ከዘገዩም በየወሩ እየቀነሰ በሚሄድ፣
የእጅ ውኃ አስታጣቢዎ
ሃይሚ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ፍሪዘሩን በደኅና ስለመመለስዎ ሦስት ዋስ ይዘው ይቅረቡ፤ ሦስቱም ያገቡ፣ ሦስቱም ባለካርታ፣ ሦስቱም ሴቶች። ጉዳይዎን ተቀምጠን የምናየው ከምሳ በኋላ ነውና ፍየሏን አይርሱ። በረዶው እንዳይቀልጥም በጥላ በጥላ ይምጡ።